አባባ፣ ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ነው የምንወርደው

ቻንዲጋር፣ ህንድ
ታህሳስ 10

ይድረስ ለውድ አባባ

እንዴት ከረሙልኝ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ብርዱ ሲበረታ ይጠዘጥዘዋል ብላኛለች ማሚቱ፣ እባክዎ ጠዋት ጠዋት ፀሀይ ሳይወጣ ከቤት አይውጡ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፣ ፈተናውም ሳምንት ያልቃል። ይሄን በቴሌግራም የምፅፈው ማሚቱ አጠገብዎ ቁጭ ብላ ቀስ እያለች እንድታነብልዎት ነው፣ ማሚቱዬ እባክሽ አትዝለይ፣ በተለይ የመንገዱን።

ባለፈው እሁድ ገና "ሂማሊያ" ከማለቴ እማማ ስልኩን ቀምታ "ምን አጣሽ ልጄ" ብላ አለቀሰች፣ ከዛ ኔትወርኩ ተቆራረጠ፣ እርስዎም "ማነው የሚነዳው?" ብለው ሳልመልስልዎት መስመሩ ጠፋ። ያ ጥያቄ ሳምንቱን ሙሉ ከሆዴ አልወጣም። ሳልመልስልዎት መሄድ አልፈልግም፣ ስለዚህ የሂማሊያ ጉዟችንን እቅድ ከነምክንያቱ ልንገርዎትና ያላሰብነው ነገር ካለ እርስዎ ይንገሩን።

መጀመሪያ እማማ ትረጋጋ፣ ተራራ አንወጣም። ሂማሊያ ሲባል ኤቨረስት ብቻ ይመስለናል እንጂ ተዳፋቱ ላይ ገበያና ትምህርት ቤት ያላቸው፣ ሰው ተወልዶ የሚያረጅባቸው ከተሞች አሉ፣ እኛ የምንሄደው እነሱጋ ነው። መጀመሪያ የምንደርስባት ሺምላ ከፍታዋ 2200 ሜትር አካባቢ ነው፣ አዲስ አበባ እኮ 2350 ገደማ ናት፣ ደብረ ብርሃናችን ደግሞ ከ2800ም ታልፋለች። በከፍታው ከሆነ አያሰጋንም። ልዩነቱ እነሱ ከምድር ወገብ ርቀው 31 ዲግሪ ሰሜን ላይ መሆናቸው ነው፣ ጥር ላይ ቀኑ አጭር ነው፣ ከሜዲትራኒያን በኩል የሚመጣው እርጥብ አየር ተራራውጋ ሲደርስ በረዶ ሆኖ ይወርዳል። በረዶ ስልዎት ያ ክረምት ላይ ቆርቆሮውን የሚደበድበው ጠጠር አይደለም፣ እንደተነደፈ ጥጥ ድምፅ ሳያሰማ የሚወርድ ነው አሉ፣ እኔም ገና በአይኔ አላየሁትም።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። የሚነዳው የክፍል ጓደኛዬ ታላቅ ወንድም ነው። ልጅቷ የማንዲ ልጅ ናት፣ ማንዲ እዛው መንገዳችን ላይ ያለች ከተማ ናት፣ ወንድሟ ደግሞ ታክሲ ነጂ ነው፣ ከቻንዲጋር በረዷማዋ የተራራ ከተማ ማናሊ ድረስ ክረምት ከበጋ የሚመላለስበት መስመር ነው። እኔ መሪ አልነካም አባባ። እዚህ መኪናው በግራ ነው የሚሄደው፣ መሪውም በቀኝ ነው፣ እኔ ገና መንገድ ሳቋርጥ እንኳ ወደተሳሳተው ጎን ነው የማየው። አራት ነን፣ እኔ፣ የጅማዋ ጓደኛዬ፣ ልጅቷና ወንድሟ።

ልጁን ሳገኘው መጀመሪያ የጠየቅኩት ምን መሰለዎት፣ ቁልቁለት እንዴት ነው የምትወርደው አልኩት። ሳቀና "በሁለተኛ፣ ሲብስም በአንደኛ፣ ፍሬን ለመቆሚያ ነው" አለኝ። አባባ፣ እርስዎን የሰማሁ መሰለኝ። ያ ጣርማበርን አልፈን ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ፣ እኔ ስምንት አመቴ ይሆናል፣ ጉሙ መስታወቱ ላይ ተለጥፎ፣ እርስዎ ግራ እጅዎ መሪው ላይ ቀኝ እጅዎ ማርሹ ላይ፣ ሞተሩ ሲያጓራ እኔ ሊፈነዳ ነው ብዬ ጆሮዬን ስይዝ "አይዞሽ፣ ሞተሩ ነው የያዘን፣ እሱ ይጩህ" ያሉኝ። ከፊታችን የነበረው መኪና ደግሞ ፍሬን ሸራው ተቃጥሎ ሽታው እኛጋ ድረስ ይመጣ ነበር። ያን ሽታ እስካሁን አውቀዋለሁ። ለልጁ ይሄን ሁሉ ነገርኩት፣ እህቱ እያስተረጎመች፣ እሱም "አባትሽን አንድ ቀን ባገኛቸው" አለ።

መንገዱ እንዲህ ነው። ገናን እዚሁ ከሀበሻ ልጆች ጋር አብረን እናከብራለን፣ ጥር 1 እንነሳለን፣ ለከተራ ሳንደርስ ጥር 9 እንመለሳለን። በፈረንጆቹ አዲስ አመት ሰሞን ብንሄድ ይሻል ነበር የሚሉ ነበሩ፣ እኔ ግን እምቢ አልኩ፣ ምክንያቱም ያን ሰሞን ህንድ በሙሉ በረዶ ለማየት ወደ ማናሊ ነው የሚጎርፈው፣ መኪና ለሰአታት ተቆልፎ ይቆማል፣ ሆቴሉም እጥፍ ነው። ጥር ላይ ሰዉ ይቀንሳል፣ በረዶው ደግሞ ይበረታል፣ ዞሮ ዞሮ እኛ ያን መርጠናል።

ከቻንዲጋር ሺምላ 115 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ አራት ሰአት ይፈጃል። ሺምላን እንግሊዞች በፈረንጆቹ ከ1864 ጀምሮ የሙቀት ወራት ዋና ከተማቸው አድርገዋት ነበር፣ ሙቀቱን ሸሽተው መንግስቱን በሙሉ ጠቅልለው እዛ ይወጡ ነበር አሉ። በ1903 የተከፈተ ትንሽዬ ባቡር አላት፣ ሀዲዱ 96 ኪሎሜትር ሆኖ ከ100 በላይ ዋሻ ያልፋል፣ የድሬዳዋው ባቡር ትዝ አለኝ፣ ለሱ ግን ጊዜ የለንም፣ ስንመጣ አይተነው እናልፋለን። ሶስት ሌሊት ሺምላ እናድራለን፣ በሶስተኛው ቀን መንገዱ ክፍት ከሆነ ናርካንዳ ደርሰን እንመለሳለን፣ 2700 ሜትር ላይ ያለች የፖም ሀገር ናት። በዛ ተራራ በኩል አቋርጦ ማናሊ ወዳለችበት ወደ ኩሉ ሸለቆ የሚወርድ አጭር መንገድ አለ፣ ጃሎሪ የሚባል በር፣ እሱ ግን 3100 ሜትር አልፎ ስለሆነ በብርዱ ወራት ይዘጋል። ስለዚህ ዞረን በቢላስፑር በኩል ነው ማንዲ የምንገባው፣ ጥር 4 እዛ የልጅቷ ቤተሰቦችጋ እናድራለን። ማንዲ ዝቅ ያለች ቆላማ ናት፣ በረዶ አይደርስባትም፣ እናትየዋ ሲዱ የሚባል ዳቦ ልትሰራልን ቃል ገብታለች፣ ሊጡ ቦክቶ በእንፋሎት የሚበስል፣ ውስጡ ለውዝ ነገር ያለው፣ በቅቤ የሚበላ፣ እማማ ይሄን ስትሰማ ትወደዋለች።

ከማንዲ ማናሊ 110 ኪሎሜትር ገደማ ቢሆን ነው፣ ቢያስ የሚባለውን ወንዝ ተከትሎ ሸለቆ ለሸለቆ ነው። ይሄኛው መንገድ ነው እኔን የሚያሳስበኝ፣ በረዶው ሳይሆን ወንዙ። በፈረንጆቹ 2023 ሀምሌ ላይ ጎርፍ መጥቶ አስፓልቱን ብዙ ቦታ ቆርጦ ወስዶት ነበር። አሁን ዝናብ የለም፣ ቢሆንም ጠርዙ የተበላ ቦታ ስለሚኖር ከወንዙ ጎን ማንንም እንዳንቀድም ተነጋግረናል። ከማናሊ አንድ ቀን አታል የሚባለውን ዋሻ አልፈን ሲሱ የምትባል መንደር ደርሰን እንመለሳለን። አባባ ይሄን ዋሻ ባሳየዎት! ጣርማበር ግማሽ ኪሎሜትር ገደማ ቢሆን ነው፣ ይሄ ዘጠኝ ኪሎሜትር ነው፣ እሱም ከ3000 ሜትር በላይ ላይ ተፈልፍሎ፣ በፈረንጆቹ 2020 መስከረም መጨረሻ በኛ አቆጣጠር 2013 ማለት ነው የተከፈተው። ከዛ በፊት ከተራራው ጀርባ ያለው የላሁል ሸለቆ ህዝብ በላይ ያለው በር በበረዶ ሲዘጋ ግማሽ አመት ያህል ከሰው ተቆርጦ ነበር የሚከርመው። ነፍሰ ጡር ሲያምማት ምን ያደርጉ እንደነበር ሳስበው ይጨንቀኛል። በረዶ የጣለ ቀን ግን ፖሊስ ባለሁለት ዲፈረንሻል ወይ የጎማ ሰንሰለት ያለው መኪና ካልሆነ አያሳልፍም።

ሰንሰለቱን ባለፈው ቅዳሜ ተለማመድነው። ልጁ ከመኪናው የኋላ ኮፈን ውስጥ አወጣውና ዶርሙ በር ላይ መሬት ላይ ዘረጋው፣ እንደ መሰላል ነው፣ ጎማው ፊት ተዘርግቶ መኪናው ትንሽ ይነዳበታል፣ ከዛ ከውስጥ በኩል ያለው መንጠቆ መጀመሪያ ይቆለፋል፣ የውጪው በኋላ ይጠበቃል። የመጀመሪያውን ጎማ 40 ደቂቃ ፈጀንበት፣ መንጠቆውን የውስጡን ረስተን ሁለቴ ፈታነው። ልጁ "አሁን ይሄን በቀዘቀዘ እጅ፣ በጨለማ፣ ከኋላችሁ ጥሩምባ እየተነፋ አስቡት" ሲለን ዝም አልን፣ ከዛ ሶስቴ ደጋገምነውና የመጨረሻውን በ12 ደቂቃ ጨረስን። እኔ ደግሞ ሳልጠየቅ ድንጋይ ፈልጌ የኋላ ጎማውን ታኮ አስገባሁበት። ልጁ አየኝና ማን አስተማረሽ አለኝ። ለካ እሱም ታኮ ይዞ ነው የሚሄደው፣ ምክንያቱም በብርድ የእጅ ፍሬን ስቦ ማሳደር አይቻልም፣ ገመዱ ይቀዘቅዝና ጠዋት አይለቅም፣ ስለዚህ ማርሽ አስገብቶ ታኮ ማድረግ ነው። እርስዎ "ታኮ!" ሲሉ ከጋቢና ዘልዬ የምወርደው ትዝ አለኝና እንባዬ መጣ፣ ብርዱ ነው አልኳቸው።

ሌላው የሰአቱ ነገር ነው። ተራራ ላይ የምንነዳው ከጠዋቱ 4 ሰአት እስከ ከሰአት 10 ሰአት ብቻ ነው። አስፓልቱ ላይ የማይታይ በረዶ ይሰራል፣ ያው ህዳርና ታህሳስ ደብረ ብርሃን ላይ ገብሱን የሚያቃጥለው ውርጭ ማለት ነው፣ እርጥቡ አስፓልት ላይ ሲረጋ መስታወት ይሆናል፣ ጥላ ያለበት ኩርባ ላይ እስከ ረፋድ አይቀልጥም። ፀሀይ መንገዱን ሳትነካው አንነሳም። ዳገት የሚወጣው መኪና ቅድሚያ አለው፣ እዚህም ህጉ እንደሱ ነው። የአየር ሁኔታውን ደግሞ መንግስት በቀለም ነው የሚያወጣው፣ ቢጫ ከሆነ እንጠነቀቃለን፣ ብርቱካን ከሆነ ካለንበት አንነቃነቅም፣ ማንዲም ብንሆን ማናሊን እንተወዋለን። ይሄን አራታችንም በእናታችን ስም ተማምለናል።

እውነቱን ልንገርዎትና፣ ልጁ ከሁሉ በላይ የሚፈራው ተራራውን አይደለም፣ እዚህ ሜዳው ላይ ያለውን ጉም ነው። ጥር ላይ ቻንዲጋርና ፑንጃብ ጠዋት ጉም ሲጥል የመኪናው አፍንጫ አይታይም፣ አውራ ጎዳና ላይ ተከታትሎ የሚጋጨው መኪና ብዛቱ! ስለዚህ የመጀመሪያውም ቀን ጉሙ ሳይገለጥ አንወጣም፣ የመጨረሻውም ቀን ሳይመሽ ገብተን እናድራለን።

ስፒቲ የሚባል ሀገር ለማየት በጣም ጓጉቼ ነበር፣ ተውኩት። ሬኮንግ ፒዮ ከምትባለው ከተማ አልፎ ስፒቲ ውስጥ ወዳለችው ታቦ ለመሄድ ድንበር ስለሆነ የውጪ ዜጋ ልዩ ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ በዛ ላይ በዚህ ብርድ ውሃው ሁሉ ይረጋል። በየሆቴሉም የኛን ፓስፖርትና ቪዛ ለፖሊስ መመዝገብ ግዴታቸው ስለሆነ ኮፒውን አዘጋጅቻለሁ። በሱ ፋንታ ጥር 7 ከማናሊ ዳራምሻላ እንወርዳለን፣ ከቲቤት የተሰደዱት ዳላይ ላማ በፈረንጆቹ ከ1960 ጀምሮ የሚኖሩበት ነው። እዛ የምናድረውን አንድ ቀን ለበረዶ መጠባበቂያም አድርገነዋል፣ መንገድ ከዘጋብን እሱን እናስቀረዋለን። መቅረቱ ግን ያሳዝነኛል፣ ሀገራቸውን ጥለው የመጡ ሰዎች ተራራ ላይ የሰሩትን ከተማ ማየት እፈልጋለሁ፣ ሀገሬ በናፈቀኝ ቁጥር ስለነሱ አስባለሁ።

እማማ፣ የላክሽልኝን ጋቢ ይዤ ነው የምሄደው። ሆቴሎቹ ማሞቂያ ለብቻ ስለሚያስከፍሉ ለሁለት ነው የምንለብሰው። የሱፍ ካልሲ ሶስት ገዝቻለሁ፣ ድርቆሽና በሶም ይዣለሁ፣ አንድ ቦታ ብንቆለፍ እንኳ አንራብም። እሮብና አርብም አትስጊ፣ ዳል የሚሉት የምስር ወጥ የማይገኝበት የለም፣ ቅቤ እንዳይገባበት መንገር ብቻ ነው።

በየማታው እናንተጋ ከምሽቱ 12 ሰአት ሲሆን እደውላለሁ፣ እዚህ 2 ሰአት ተኩል ማለት ነው፣ በዛ ሰአት ሁሌ ሆቴል ነን። ሸለቆው ውስጥ ኔትወርክ ሊጠፋ ስለሚችል አንድ ማታ ካልደወልኩ እስከ ጠዋት ጠብቁኝ፣ የልጅቷን የእናቷን ስልክ ለማሚቱ ለብቻ እልካለሁ።

አባባ፣ እርስዎን ሁለት ነገር ልጠይቅዎት። ልጁ በረዶ ላይ ሲሆን የጎማውን ንፋስ ትንሽ መቀነስ ጥሩ ነው የሚሉ አሉ፣ እኔ ግን አልቀንስም ይላል፣ እርስዎ ጭቃ ላይ ይቀንሱ ነበር አይደል፣ እሱን ለምን እንደነበር ያስረዱኝ። ሁለተኛ፣ ቁልቁለት ላይ መኪናው መንሸራተት ቢጀምር ከኋላ የተቀመጠ ሰው ምን ማድረግ አለበት? ዝም ማለት ብቻ ነው ወይ? ማሚቱ በድምፅ ቅጂልኝ፣ የአባባን ድምፅ እፈልጋለሁ፣ ለልጁም አሰማዋለሁ።

ጉልበትዎን ይጠብቁልኝ፣ ምርቃትዎን እጠብቃለሁ።

ልጅዎ