ቴሌግራም የሌለው ልጅ በምን ይማር?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በኅዳር 2018 ከጂንካ የማርበርግ ወረርሽኝ ዜና ሲሰማ ቶሎ ትዝ ያለኝ መጋቢት 7 ቀን 2012 ነው። ኮሮና አገራችን ገባ በተባለ በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። ተማሪዎቼን «ከሁለት ሳምንት በኋላ እንገናኛለን» ብዬ ሸኘኋቸው። የተገናኘነው በ2013 ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ አራተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ያኔ ክፍሌ ውስጥ 52 ልጆች ነበሩ። ሰው ሁሉ ስለ ቴሌግራም ሲያወራ እኛም ቻናል ከፈትን። የገቡት የ11 ልጆች ወላጆች ብቻ ናቸው። የሌሎቹ ቤት ስማርት ስልክ የለም። ካለም አባት ይዞት ይወጣና ማታ ነው የሚመለሰው። ካርድ የሚሞላውም ለመደወያ ነው፤ ቪዲዮ ለማውረድ ማን ይተርፈዋል? ሰኔ 23 ደግሞ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ። ሦስት ሳምንት ያህል ጠፋ። እነዚያ 11 ልጆችም ቀሩብኝ።

በሬዲዮና በቴሌቪዥን ትምህርት ይተላለፍ ነበር፣ ጥሩ ነው። ግን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ብቻውን ሬዲዮ ፊት አይቀመጥም። አጠገቡ ሆኖ «ምን አለ? እስቲ ድገምልኝ» የሚለው ሰው ይፈልጋል።

እናቷ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። ለእሷ በየሳምንቱ አንድ ገጽ በእጄ እየጻፍኩ ሰፈራቸው ያለ ሱቅ ማስቀመጥ ጀመርኩ። እናቷ ዘይት ልትገዛ ስትመጣ ትወስዳለች፤ የተሠራውን እዚያው ትመልሳለች። ወረቀቱን ሦስት ቀን ፌስታል ውስጥ አቆይቼ ነበር የማርመው፤ ያኔ እንደዚያ ነበር የምንፈራው። ሐሙስ ማታ እደውላለሁ፣ አምስት ደቂቃ ታነብልኛለች። ይኸው ነው። ሌሎች እናቶች ሰምተው «ለእኔም ልጅ» አሉኝ። ፎቶ ኮፒ ማስደረግ ግድ ሆነ፤ ክረምቱ ሲያልቅ ልጆቹ 17 ደርሰዋል። አንድ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ደግሞ ግቢያቸው ውስጥ ለአራት ትንንሾች ክፍልፋይ ያስረዳ ነበር፤ ተራርቀው ተቀምጠው። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል የለየው ላልለየው ሲያስቆጥር ነው የኖረው።

በዓመቱ መጨረሻ ከስምንተኛና ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በቀር ሁሉም ያለ ፈተና ተዛወረ። ማባዛት ያልጨረሱ ልጆቼ አምስተኛ ክፍል ገቡ። ስድስቱ ግን ጭራሽ አልተመለሱም። አንዱን ከዓመት በኋላ መርካቶ ዕቃ ተሸክሞ አገኘሁት። የእናቱን ስልክ ቁጥር ይዤ ቢሆን ኖሮ እያልኩ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስንከፍት ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ በፈረቃ፣ ሃያ አምስት ሃያ አምስት እየሆኑ ገቡ። የእያንዳንዱን ልጅ ደብተር በየቀኑ ማየት የቻልኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ወረርሽኙ ሲያልፍ ያንን ቶሎ መርሳታችን ያሳዝነኛል።

ትምህርት ሚኒስቴርንና የክልል ቢሮዎችን የምለምነው ትልቅ በጀት የሚጠይቅ ነገር አይደለም። ምዝገባ ላይ አንድ ገጽ ፎርም ይሞላ። ቤታችሁ ሬዲዮ አለ? የማን ስልክ ነው፣ በስንት ሰዓት ይነሳል? ማንበብ የሚችል ታላቅ አለ? ከዚያ የአንድ ወር መልመጃ በየክፍሉ ተባዝቶ የትምህርት ቤቱ መጋዘን ይቀመጥ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ለመምህሩ የስልክ ካርድ ይሰጠው። የሬዲዮው ትምህርት ከዚያ መልመጃ ጋር ገጽ በገጽ ይግጠም፤ ልጁ የሚሰማውንና እጁ ላይ ያለውን እንዲያገናኝ። ኢንተርኔት ያለው ይጠቀምበት፤ ዕቅዱ ግን ከሌለው ልጅ ይጀምር። ኮሌራም ይምጣ ሌላ፣ ቀበሌ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት ብቻ ቢዘጋም ይኸው ይሠራል።

እኔ ፎርሙን ዘንድሮ ለክፍሌ አስሞልቻለሁ። 55 ልጆች ናቸው። ሬዲዮ ያለው 19 ቤት ነው። የሚደወልበት ስልክ ያለው 48 ቤት። ለቀሩት ሰባት የጎረቤት ቁጥር ይዣለሁ።

አንዲት የአንደኛ ደረጃ መምህርት
አዲስ አበባ