«ትንሽ ዳመና ፈራህ?» አትበሉት

ለተከበራችሁ አዘጋጆች፤

እዚህ ኮሎራዶ የአብራሪነት ፈቃድ ስላወጡ ልጆቻችን የጻፋችሁትን በደስታ አነበብኩ። አንድ ነገር ግን ቀርቷል፤ የዚህ አገር ብርድና ተራራው።

ዴንቨር ኤርፖርት ዲአይሲንግ ላይ፣ ማለትም ከአውሮፕላን ላይ በረዶና ውርጭ በማስወገድ ሥራ ላይ፣ መሥራት ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ደብረ ብርሃን ስላደግኩ ውርጭ ባቄላን በአንድ ሌሊት እንዴት እንደሚያጠቁረው አውቃለሁ። አውሮፕላን እንደሚጥል የተማርኩት ግን እዚህ ነው። መጀመሪያ ትኩሱን ብርቱካናማ ፈሳሽ እንረጫለን፤ በረዶው መጣሉን ካላቆመ ወፍራሙን አረንጓዴ እንደርብበታለን። ትልቅ ጄት መንገደኛውን ጭኖ ለስስ ውርጭ ሲል ቆሞ ይጠብቃል። እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሻከረ ሽፋን እንኳ ክንፉ አውሮፕላኑን የሚያነሳበትን ኃይል እስከ 30 በመቶ ሊቀንሰው፣ አየሩ ወደ ኋላ የሚጎትተውን ደግሞ እስከ 40 በመቶ ሊጨምረው ይችላል።

ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ይህ ፈሳሽ የሚያገለግለው አውሮፕላኑ እስኪነሳ ብቻ መሆኑን ነው። ከዚያ በኋላ ጄቱ በረዶ መከላከያ የራሱ መሣሪያ አለው። ልጆቻችን የሚከራዩት ሴስና የሚባለው ባለአራት መቀመጫ ትንሽ አውሮፕላን ግን አብዛኛውን ጊዜ ክንፉ ላይ ምንም የለውም። ዳመና ውስጥ ከዜሮ በታች ቀዝቅዞም ገና ውሃ የሆነ ጠብታ አለ፤ ክንፍ ሲነካ እዚያው በረዶ ይሆናል። ሜዳ ላይ ቢሆን ፓይለቱ ዝቅ ብሎ ሞቅ ያለ አየር ይፈልግ ነበር። ሮኪ ተራሮች ላይ ግን ከታች የሚጠብቀው ድንጋይ ነው። ሽቅብም ማምለጫ የለም፤ ሴስና 172 መውጣት የሚችለው እስከ 14,000 ጫማ ገደማ ሲሆን፣ ኮሎራዶ ውስጥ ከዚያ የሚበልጡ ከ50 በላይ ተራሮች አሉ። ነፋሱም እርጥቡን አየር ሽቅብ ስለሚገፋው በረዶው የሚብሰው ልክ ሸንተረሩ ላይ ነው።

በረዶ ደግሞ ክንፍ ላይ ብቻ አይሠራም። እ.ኤ.አ. ማርች 22 ቀን 2009 ሞንታና ውስጥ ቢዩት ላይ ፒላተስ ፒሲ-12 የምትባል አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ወድቃ 14 ሰው አለቀ፤ ሰባቱ ልጆች ነበሩ፣ ለበረዶ ሸርተቴ ሽርሽር የወጡ። መርማሪዎቹ እንዳረጋገጡት ነዳጁ ውስጥ በረዶ እንዳይሠራ የሚጨመረው መድኃኒት አልተጨመረም ነበር። ፓይለቱም የነዳጁ ችግር ከታየ በኋላ በጊዜ በቅርብ አላረፈም።

እንድጽፍ የገፋፋኝ ግን ባለፈው ኖቬምበር ያየሁት ነው። የወዳጄ ልጅ እናቱን ለልደቷ ከተራራው ማዶ ወዳለችው ግሌንዉድ ስፕሪንግስ ከተማ አብርሮ ሊወስዳት ቃል ገብቶ፣ እኔም ልሸኛቸው ሄድኩ። ልጁ ጓንቱን አውልቆ ክንፉን በመዳፉ ዳበሰው፤ መዳፉ ላይ ነጭ ቀረ። ወደ ምዕራብ ቀና ሲል ተራራው አይታይም። «ዛሬ አንሄድም» አለ። አባትየው «ይህን ሁሉ ገንዘብ ከፍዬ ያስተማርኩህ ትንሽ ዳመና እንድትፈራ ነው?» ሲለው ልጁ አንገቱን ደፋ። እኔ፣ ውርጭ ማቅለጥ እንጀራዬ የሆነ ሰው፣ ወዳጄን በሚስቱ ፊት ላለማሳፈር ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ልጁ ግን በቃሉ ጸና፤ በመኪና ሄዱ።

ወላጆች፣ እባካችሁ፣ ልጃችሁ «ዛሬ አልበርም» ሲላችሁ ለምን አትበሉት። የሆቴሉ ገንዘብ ይቅር። እናንተም ስለ ወጣት አብራሪዎች ዳግም ስትጽፉ በረራ የሰረዙትን አነጋግሩ። ይህ ልጅ ፈቃደኛ ነው፤ ጠይቄዋለሁ።

አክባሪ አንባቢያችሁ
ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ