ለኦፕን ቡክ ጉብኝታችን መሳካት ለደከማችሁ ሁሉ የቀረበ የምስጋና መልእክት

በአሜሪካ፣ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ከተሞች የምንኖር የአማርኛ ንባብ ክበብ አባላት ከጥምቀት በኋላ በነበረው ቅዳሜ ኦፕን ቡክ የተባለውን የሥነ ጽሑፍና የመጽሐፍ ጥበብ ማዕከል ጎብኝተን በሰላም ተመልሰናል። ለዚህ ያበቃንን አምላክ እያመሰገንሁ፣ ከጎናችን ለቆማችሁ ሁሉ የክበባችንን ልባዊ ምስጋና ላደርስ ይህን መልእክት ጽፌአለሁ።

ጉዞው ሊሰረዝ ጥቂት ነበር የቀረው። ከወር በፊት የተከራየነው አውቶቡስ እንደማይመጣ የተነገረን ልንነሳ አርባ ደቂቃ ሲቀረን ነበር፤ አረጋውያኑ ካፖርታቸውን ደርበው፣ ልጆቹም ጓንታቸውን አጥልቀው በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ይጠብቁ ነበር። የሌሊት ፈረቃ ሠርታችሁ ገና ወደ ቤት ስትገቡ የደወልንላችሁ፣ እንቅልፋችሁን ትታችሁ የመኪናችሁን መስታወት ከበረዶ እየፋቃችሁ የደረሳችሁልን ሰባት ወንድሞችና እኅቶች፣ አርባ አንድ ሰው በሁለት ዙር አመላልሳችሁ አንድም ሰው እንዳይቀር አድርጋችኋል። ብድራችሁን እግዚአብሔር ይክፈላችሁ። ድፎ ዳቦውን ሌሊት ጋግራችሁ በትኩሱ ላመጣችሁልን እናቶችም እጃችሁ ይባረክ።

ቦታውን ላላያችሁት ጥቂት ልናገር። በዋሽንግተን ጎዳና ላይ ጎን ለጎን የቆሙ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ሦስት ሕንፃዎች ከውስጥ ተገናኝተው አንድ ቤት ሆነዋል። ሚኒያፖሊስን በዱቄት ካስጠሯት የድሮ ወፍጮ ቤቶችና ከሚሲሲፒ ወንዝ ብዙም አይርቁም። ታድሰው በራቸውን የከፈቱት እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ሸክላ ጡቡ በኖራ አልተሸፈነም፤ የጣሪያው ወፍራም አግዳሚ እንጨትም እንደነበረ ይታያል። ወደ ላይ የሚያወጣውን ደረጃ ካረን ዊርዝ የተባሉት የመጽሐፍ ሠዓሊ ከሕንፃ ነዳፊዎቹ ጋር ሆነው የቀረጹት ሲሆን፣ ሲወጡበት በመጽሐፍ ቅጠሎች መካከል የሚያልፉ ያስመስላል።

በዚህ ቤት ሦስት ድርጅቶች በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖራሉ። ሎፍት የጽሕፈት ትምህርት የሚሰጥ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከአንድ መጽሐፍ መደብር በላይ በነበረች ቆጥ ውስጥ ስለ ተጀመረ ስሙን ከዚያች ቆጥ ወስዷል። ሚልክዊድ ኤዲሽንስ ለትርፍ ያልቆመ አሳታሚ ነው፤ በምድር ቤቱም እ.ኤ.አ. በ2016 የራሱን መጽሐፍ መደብር ከፍቷል። እ.ኤ.አ. በ1983 የተመሠረተው የሚኒሶታ የመጽሐፍ ጥበብ ማዕከል ደግሞ ወረቀት መሥራትን፣ ከእርሳስ ማዕድን በተሠራ ፊደል ማተምንና መጠረዝን ያስተምራል። እያንዳንዳቸው ለየብቻ ቤት ተከራይተው መኖር ይችሉ ነበር፤ አብረው በመሆናቸው ግን አንድ ሰው ግጥም መጻፍን ከሚማርበት ክፍል ወጥቶ፣ ደረጃ ወርዶ፣ ያንኑ ግጥም በገዛ እጁ አትሞ ሊጠርዘው ይችላል። እኛ በየማኅበራችን ለየብቻ አዳራሽ ስንከራይ ለኖርን ሰዎች ይህ ብዙ የሚያስቆጭ ነገር ነበር፤ ወደ ቤት ስንመለስ በየመኪናው የተወራውም ይኸው ነው።

ላስጎበኙን የማዕከሉ ባልደረባ የማቀርበው ምስጋና በቃላት የሚያልቅ አይደለም። ከእኛ ውስጥ እንግሊዝኛ የማይሰሙ ብዙዎች መሆናቸውን ሲረዱ ንግግራቸውን እያሳጠሩ ለአስተርጓሚዎቻችን ጊዜ ሰጥተዋል፤ ጉልበታቸውን ለሚያማቸውም በየፎቁ ሊፍቱን ይዘው ጠብቀዋል። ልጆቹ እጃቸውን እስከ ክንዳቸው ወደ ወረቀቱ ሊጥ ነክረው በወንፊት ሲያወጡ ልብሳቸው ቢርስም አልተቆጡአቸውም። የፊደል መሳቢያው ዘንድ ደግሞ አንዲት ልጅ የአያቷን ስም በላቲን ፊደላት፣ እያንዳንዱን የእርሳስ ፊደል ገልብጣ እየደረደረች አተመችላቸው። እማማም ወረቀቱን ተቀብለው ሲያዩ፣ «በእኛ ሦስት ፊደል የነበረው ስሜ እዚህ እንዴት ስድስት ሆነ?» ብለው ጠየቁ። ባልደረባው ጥያቄውን አስተርጉመው ከሰሙ በኋላ የግእዝ ፊደል ስንት እንደሆነ፣ በስንት መሳቢያ ሊያዝ እንደሚችል አጥብቀው ጠየቁን፤ የፊደል ገበታችንንም በስልክ ከፍተን አሳየናቸው።

ከሁሉ በላይ ግን የጥረዛ መምህርቷን ማመስገን እፈልጋለሁ። በሁለት የእንጨት ገበታ መካከል የተሰፋ አንድ መጽሐፍ ለናሙና በጠረጴዛው ላይ አኖሩ፤ ስፌቱ በጀርባው እንደ ሰንሰለት ተያይዞ የሚታይ ነበር። እስከዚያች ሰዓት ዝም ብለው የቆዩት መሪጌታችን ጓንታቸውን አውልቀው በአውራ ጣታቸው ስፌቱን ከላይ እስከ ታች ዳሰሱትና፣ «ይህን ማን አስተማራችሁ?» አሉ። መምህርቷም አሰፋፉ በግብፅ ክርስቲያኖች በቅብጦችና በኢትዮጵያ መጻሕፍት የሚታወቅ ጥንታዊ ስልት መሆኑን ነገሯቸው። መሪጌታ በጎጃም በቆሎ ተማሪነታቸው የኔታቸው የፍየል ቆዳ ወጥረው ሲፍቁ፣ ብራናውን አጥፈው በጅማት ሲሰፉ፣ የዋንዛ ገበታ ሲያለብሱት አይተዋል። ይህ ሲተረጎምላቸው መምህርቷ ከወንበራቸው ተነሥተው መርፌውን ለእሳቸው ሰጡ።

መሪጌታ የክሩን ጫፍ በምላሳቸው አርሰው መርፌው ውስጥ አስገቡ። ክሩን የሚስቡት ወደ ላይ ሳይሆን የጥራዙን ጀርባ ተከትለው ወደ ጎን ነበር፤ ወደ ላይ ከተሳበ ወረቀቱ እንደሚቀደድ ለልጆቹ እያሳዩ፣ አራት ጥራዝ ሰፍተው አያያዙ። መምህርቷ ከልጆቹ ጋር ቆመው ይመለከቱ ነበር፤ አንድ ጊዜም እጃቸውን ጣልቃ አላስገቡም። በሙያቸው የታወቁ ሰው በገዛ ቤታቸው ለእንግዳ ወንበር ሲለቁ ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፤ እጅ እንነሣለን።

ልጆቹ የሠሯቸው ወረቀቶች ደርቀው ትናንት ደርሰውናል። በየጀርባቸው ስም በእርሳስ ስለተጻፈባቸው ወላጆች ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ ከአዳራሹ እንድትወስዱላቸው እንለምናለን። መሪጌታ የሰፉት ጥራዝም እዚያው በጠረጴዛው ላይ አለ፤ ገና ገበታ አልለበሰም።

የንባብ ክበቡ አስተባባሪ
ሚኒያፖሊስ፣ ጥር 2012 ዓ.ም.