ጫማው እግር ከማበጡ በፊት ይድረስ

ለጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦ ለትምህርት ሚኒስቴር፣ ለውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር

ጉዳዩ፦ በቀይ አፈር ሳቢያ የሚመጣውን ዝሆኔ ከልጅነት ጀምሮ ስለ መከላከል

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በምሥራቅ ጎጃም ቀይ አፈር ላይ ያደግሁ፣ አባቴም ሁለት እግሮቻቸው አብጠው ከሠላሳ ዓመት በላይ ያረሱ የገበሬ ልጅ ነኝ።

በተለምዶ ዝሆኔ እያልን በአንድ ስም የምንጠራቸው ሁለት በሽታዎች ናቸው። አንዱ በትንኝ የሚተላለፍ ሲሆን፣ ባለሙያዎች ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት የእኛው ግን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ከእሳተ ገሞራ አለት የተፈጠረው ቀይ አፈር የያዛቸው ደቃቅ ማዕድናት በባዶ እግር ቆዳ ሰርገው ይገቡና ከእግር ትርፍ ፈሳሽ የሚያስወግዱትን የሊምፍ መተላለፊያዎች እያቆሰሉ ይዘጋሉ፣ እብጠቱም ከጣቶች ተነሥቶ ወደ ጉልበት ይወጣል። አንዳንድ ቤተሰብ በተፈጥሮው ለዚህ ይበልጥ ተጋላጭ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የዘረ መል ጥናት አሳይቷል። የሀገሬ ሰው ይህን ከጥናቱ አስቀድሞ ታዝቦት ነበር፤ ችግሩ «ዘራቸው ነው» ብሎ ጋብቻ ማፍረሱ ነው። ተጋላጭነቱ ቢወረስም፣ አፈሩ ቆዳን ካልነካ በሽታው አይመጣም።

በዚያው ዓመት በታተመ ሌላ ጥናት በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች ከ51,000 በላይ ሰዎች ታይተው 3.3 በመቶ የሚሆኑት ታመው ተገኝተዋል። በመላ ሀገሪቱ የታማሚው ቁጥር 1.5 ሚሊዮን ገደማ እንደሚሆን ተገምቷል። ሚኒስቴሩ በሽታውን ትኩረት ከሚሹ የሐሩር ክልል በሽታዎች ጋር በዕቅዱ ማካተቱን አደንቃለሁ። ቅሬታዬ ሌላ ነው፦ ያየሁት እርዳታ ሁሉ የሚደርሰው እግር ካበጠ በኋላ መሆኑ።

በእርግጥ እንክብካቤው ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ የታተመ፣ በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን የተሳተፉበት ሙከራ፣ እግርን ማጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ ትኩሳት ያለበትን ድንገተኛ ሕመም በአንድ አምስተኛ ያህል እንደሚቀንሱ አሳይቷል። አባቴም በሳሙናና በቫዝሊን እፎይ ብለዋል። ነገር ግን ለእርሳቸው እግር የሚሆን ጫማ ከገበያ አይገኝም፣ በልክ መሰፋት አለበት፤ በአሥር ዓመታቸው ቢሆን ኖሮ ማንኛውም ተራ ጫማ ይበቃቸው ነበር።

ጫማ ስል ግን በረባሶ ማለቴ አይደለም። በረባሶ ከእሾህ ያድናል፣ አቧራውን ግን ከጣቶች መሀል ያስገባዋል። ሽፍን ጫማ ያስፈልጋል፤ ገበሬውም በክረምት ጭቃው ጫማውን ስለሚይዝበት አውልቆ እንደሚያርስ ታውቆ፣ ማታ እግሩን የሚታጠብበት ውሃ አብሮ ሊታሰብለት ይገባል። ውሃ የሚቀዳው የአንድ ሰዓት መንገድ ተሄዶ ከሆነ እናት ያመጣችውን እንስራ ለመጠጥና ለወጥ ታውለዋለች እንጂ ለስድስት ልጆች እግር አታፈሰውም፤ ስለዚህ «እግራችሁን ታጠቡ» የሚለው ምክር ያለ ምንጭና ያለ ቧንቧ ባዶ ነው። ሦስተኛው ነገር የቤት ወለል ነው። ወለላችን ያው አፈር ነው፤ ጫማውን ደጃፍ ላይ ያወለቀ ልጅ ቤት ገብቶም ይረግጠዋል። በእበት የተለቀለቀው ወለል ተሰነጣጥቆ አቧራ ሲያወጣ ሰሌን ማንጠፍ እንኳ ልዩነት ያመጣል ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ሦስት ሚኒስቴሮች በሚጋሩት አንድ ዕቅድ፣ በሽታው በሚበዛባቸው ወረዳዎች ከመጀመሪያ ክፍል ጀምሮ ላሉ ተማሪዎች ሽፍን ጫማ እንዲቀርብ፣ የውሃ ግንባታ ሲታቀድም የበሽታው ካርታ እንዲታይ እጠይቃለሁ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ሲዞሩ ሽንት ቤት መኖሩን እንደሚመዘግቡ ሁሉ፣ የልጆቹን ጫማና የወለሉን ሁኔታም ይመዝግቡ። ያልተመዘገበ ነገር በጀት ሲያገኝ አላየሁም።

የእኅቴ ልጅ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገብቷል። ትምህርት ቤቱ የአርባ ደቂቃ መንገድ ነው፤ የሚሄደውም በበረባሶ ነው።

ከአክብሮት ጋር