ሰርቪስ ተደርጎ ስለተመለሰው ሞተርሽ

ይድረስ ለልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ሞተሩን የሸጠልሽ ድርጅት ሰርቪስ ካደረገው ወዲህ መሄድ እንደከበደው፣ የኋላው ፍሬን ከበሮም ከግለቱ የተነሳ እጅ እንደማያስነካ የጻፍሽውን አነበብኩት። ጣጣው ከካቴናው የመጣ ይመስለኛል። ካቴና ሲወጠር ጎማው ወደ ኋላ ይሳባል፤ የፍሬኑ ዘንግም አብሮ ይወጠራል። መካኒኩ ዘንጉን መልሶ ካላላላው፣ የፍሬኑን ፔዳል ባትረግጪም የፍሬኑ ሸራ ከበሮውን እያሸ ይሄዳል። ቤንዚንሽንም ይበላል፣ ሸራውንም ይጨርሳል።

በሁለት እግር ማቆሚያው አቁሚውና ማርሹን ዜሮ አድርገሽ የኋላውን ጎማ በእጅሽ አዙሪው። ያለ ችግር ሊሽከረከር ይገባል። ፔዳሉ ፍሬን ከመያዙ በፊት ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ይውረድ። ካቴናውን ከታች በኩል መሃሉ ላይ በጣት ወደ ላይና ወደ ታች ስትገፊው ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ይላወስ፤ ግን አንድ ቦታ ብቻ አትለኪ። ጎማውን እያዞርሽ አምስት ስድስት ቦታ ሞክሪ፣ ያረጀ ካቴና አንዱ ጋ ይላላል ሌላው ጋ ይወጠራልና። ልኩ የሚያዘው በጣም በተወጠረበት ቦታ ነው። ግራና ቀኝ ያሉት የማስተካከያ ምልክቶችም እኩል መሆን አለባቸው፤ ካልሆኑ ጎማው ተጣሟል ማለት ነው።

ዘይቱንም እዪ። ያንቺ ሆንዳ ሲጂ125 ዘይት ሲቀየርለት የሚወስደው 0.9 ሊትር ነው፤ የሚሸጠው ጠርሙስ ግን 1 ሊትር ስለሆነ ሙሉውን ይገለብጡታል። የበዛ ዘይት አረፋ ያወጣል፣ በመተንፈሻውም እየተተፋ የአየር ፊልትሮውን ያበላሻል። ስትለኪ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ መለኪያውን ጠርገሽ ሳታጠብቂው አስገብተሽ አውጪው። ጠርሙሱ ላይ «ጃሶ ኤምኤ» (JASO MA) የሚል የሞተር ሳይክል ዘይት ምልክት ከሌለ አታስሞዪ። ፍሪሲዮኑ ዘይት ውስጥ ስለሚሠራ አንዳንድ የመኪና ዘይት ያንሸራትተዋል።

ደረሰኙ ላይ «ቫልቭ ማስተካከያ» ብለው አስከፍለውሽ እንደሆነ፣ ሞተሩን ስንት ሰዓት አቆይተውት እንደነካኩት ጠይቂ። የቫልቭ ክፍተት የሚለካው ሞተሩ ሲበርድ ነው፣ በዚህ ሞተር 0.08 ሚሊ ሜትር። እየነዳሽ ገብተሽ በግማሽ ሰዓት ከመለሱልሽ አልነኩትም፣ ወይም በትኩሱ ነክተውታል። የትኛው እንደሚብስ እንጃ።

አሁን ሌላ መካኒክ እንዳታስነኪው። አንድ ቡሎን ከተፈታ «እኛ ስናስረክብ ደህና ነበር» ይሉሻል። የለካሽውን በቁጥር፣ ከቀኑና ከኪሎ ሜትሩ ጋር ጽፈሽ በሁለት ቅጂ ውሰጂ፤ አንዱን ተቀብለናል ብለው ይፈርሙልሽ። በቃል ከተነጋገርሽ ነገ የሚያስታውሰው የለም። የቀየሩት ዕቃ ራሱ ጉድለት ካለበት፣ የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 በ15 ቀን ውስጥ ለውጥ ወይም ገንዘብሽን እንድትጠይቂ ይፈቅዳል። ስለዚህ ደረሰኙን አትጣይ።

ለሚቀጥለው ሰርቪስ ደግሞ የጥፍር ቀለምሽን ያዢ። ዘይት ማፍሰሻው ቡሎን ራስ ላይ ጀምረሽ ኮፓው (የዘይት መያዣው) ላይ የሚያልፍ ቀጭን መስመር አስምሪ። የፊልትሮው ክዳን ዊንታ ላይና የቫልቩ ክዳን ላይም እንዲሁ። ቡሎኑ ከተፈታ መስመሩ ይቆረጣል። ሳይቆረጥ ከመለሱልሽ ማንም አልነካውም። ከማስረከብሽ በፊት ፎቶ አንሺው፤ ያረጁትን ዕቃዎችም እንዲመልሱልሽ ሥራ ትዕዛዙ ላይ አስጽፊ።

ፍሬኑ እስኪላላ ድረስ ረጅም መንገድ አትውጪበት።

አባትሽ