አራት ሽምብራ

ለውድ ወንድሜ፣

ከሁሉም አስቀድሜ ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ካንተ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለቤቴም ልጄም ደህና ናቸው።

ይህን ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ዛሬ እንድጨርሰው ያደረገችኝ ልጄ ናት። አንተ የምታውቃት ድክ ድክ ስትል ነው፤ አሁን ሁለተኛ ክፍል ገብታለች።

ባለፈው ቅዳሜ መብራት ጠፋ። ቴሌቪዥን የለ፣ የስልኬም ባትሪ አልቋል። ልጅቷ ሰለቻት። ያኔ ዶርም ውስጥ ያስተማርከኝ ጨዋታ ትዝ አለኝ፣ ላይፍ። አንድ ካርቶን ዘርግቼ በማስመሪያ ካሬ ካሬ አሰመርኩበት። ከጓዳ ሽምብራና ጥሬ ቡና አመጣሁ።

ሕጉን አንተ እንደነገርከኝ ነገርኳት። እያንዳንዱ ካሬ ዙሪያውን ስምንት ጎረቤት አለው። ሁለት ወይም ሦስት ጎረቤት ያለው ሽምብራ ይኖራል። ከዚያ ካነሰ በብቸኝነት ይሞታል፣ ከበዛም ተጨናንቆ ይሞታል። ባዶ ካሬ ልክ ሦስት ጎረቤት ካገኘ አዲስ ይወለድበታል። በቃ፣ ይኸው ነው። የሚወለድበት ቦታ ላይ ቡና ታስቀምጣለች፤ የሚሞተው ላይ ሌላ ሽምብራ ትደርብበታለች። ሁሉም ተቆጥሮ ሳያልቅ ምንም አይነሳም። እኔ ስቸኩል ስንቴ አበላሽቼብህ ነበር!

መጀመሪያ ሦስት ሽምብራ በመስመር ደረደረች። ተጋድሞ የነበረው ቆመ፣ እንደገና ተጋደመ። ሳቀች። ቀጥላ ሦስቱን እንደ ቤት ጥግ አጥፋ አስቀመጠቻቸው። በአንድ ዙር አራተኛው ተወለደና ሁለት በሁለት የሆነች ትንሽ ካሬ ሆኑ። ከዚያ ዝም። ጠበቀች። ምንም የለም።

«አባዬ፣ ሞተ እንዴ?» አለችኝ።

«ቁጠሪው» አልኳት።

ቆጠረች። አራቱም ሽምብራዎች እያንዳንዳቸው ሦስት ጎረቤት አላቸው። ስለዚህ የሚሞት የለም። ዙሪያቸውን ያሉትን አሥራ ሁለት ባዶ ካሬዎችም ቆጠረች። ስምንቱ ሁለት ሁለት ጎረቤት አላቸው፣ ጥግ ላይ ያሉት አራቱ ደግሞ አንድ አንድ። ሦስት የሞላለት የለም፣ ስለዚህ የሚወለድም የለም። ለሚቀጥለው ዙር እንደገና ቆጠረች። ያው ነው። ለሦስተኛ ጊዜም ቆጠረች፣ ያው። «አልሞተም፤ ሁልጊዜ ይቆጠራል ግን መልሱ አንድ ነው» አለችኝ። ወንድሜ፣ ይህን ያህል ዓመት ሳውቀው እንዲህ አድርጌ አይቼው አላውቅም።

ብሎክን ነው የምልህ፣ ያችን ሁለት በሁለት ካሬ። እኔና አንተ ስንት ሌሊት ስክሪን ላይ አፍጥጠን ስናድር የምናሳድደው ግላይደሩን፣ ቅርጹን ሳይለቅ እየተራመደ የሚሄደውን፣ ነበር። ብሎክ ከግርግሩ በኋላ የሚተርፍ ተራ ነገር ነበር የሚመስለኝ። አሁን ግን ከጨዋታው ሁሉ እሱን አስበልጣለሁ።

አር-ፔንቶሚኖ የሚባለውን መነሻ ቅርጽ አስታውስ። ከአምስት ካሬ ተነስቶ 1103 ትውልድ፣ ማለትም ዙር፣ ሲናጥ ይቆያል። የጨዋታው ፈጣሪ ኮንዌይና ጓደኞቹ ካምብሪጅ ውስጥ ጠጠር እያነሱ እየጣሉ በእጃቸው ሲከታተሉት ነው ሪቻርድ ጋይ ግላይደሯን ያያት። ሁሉም ሲረጋጋ ስድስቱ ግላይደሮች ጥለው ይሄዳሉ። ከኋላ ከሚቀረው ውስጥ ብዙው ብሎክ ነው፣ ስምንት። ቀፎ የሚባለው ቅርጽ አራት፣ ብልጭ ድርግም የሚለው የሦስት መስመር አራት፣ ጀልባ፣ መርከብና ዳቦ የሚባሉት አንድ አንድ።

የጎስፐርን ግላይደር ጠመንጃ ደግሞ ተመልከት። ማርቲን ጋርድነር እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1970 ጨዋታውን በሳይንቲፊክ አሜሪካን መጽሔት ሲያስተዋውቅ ኮንዌይ 50 ዶላር አስይዞ ነበር። ማለቂያ በሌለው መንገድ የሚያድግ ቅርጽ የለም ብሎ ገምቶ ነበርና፣ እንዳለ ወይም እንደሌለ በዚያው ዓመት ያረጋገጠ ይውሰደው አለ። ገና ኅዳር ላይ የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ የኤምአይቲዎቹ እነ ቢል ጎስፐር በየ30 ትውልዱ አንድ ግላይደር የሚተኩስ ጠመንጃ ይዘው መጡ። ውስጡ ወዲያና ወዲህ የሚመላለሱ ሁለት ቅርጾች አሉ፣ ንግሥት ንብ የሚባሉት። ንግሥቲቱ ዞራ በተመለሰች ቁጥር ቀፎ ጥላ ትሄዳለች። ቀፎው እዚያው ከቆየ ስትመለስ ተጋጭታ ትፈርሳለች። ታዲያ ቀፎውን ማን ያነሳዋል? በሁለቱ ጫፎች የተቀመጡት ብሎኮች ናቸው። ቀፎው ይጠፋል፣ ብሎኩ እዚያው ይገኛል። ያ ሁሉ ሰው ያጨበጨበለት ጠመንጃ ያለ እነሱ ለትንሽ ጊዜም አይቆምም ነበር።

ወደ ልጄ ልመለስ። ከአራቱ አንዱን ሽምብራ አነሳች። ሦስቱ በአንድ ዙር መልሰው ወለዱት። ደስ አላትና ደጋገመችው። ቀጥላ ሁለቱን አነሳች። የቀሩት ሁለቱ አንድ አንድ ጎረቤት ብቻ ነበራቸው፤ በሚቀጥለው ዙር ካርቶኑ ባዶ ሆነ። እሷ አዲስ ደረደረች። እኔ ግን ተነስቼ በረንዳ ላይ ወጣሁ።

በሚያዝያ 2012 «ኮንዌይ በኮሮና ሞተ» ብለህ የላክልኝ መልእክት ዛሬም ስልኬ ላይ አለ። መልስ አልሰጠሁህም፣ ነገ እጽፍለታለሁ ብዬ። ብዙም ሳይቆይ እናትህ እማማ አረፉ። ዶርም ድረስ ድፎ ዳቦ ይልኩልን የነበሩት እማማ። ያኔ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከልክሎ ነበር፤ እሱን ሰበብ አድርጌ ለቅሶ ሳልደርስ ቀረሁ። መደወል ግን ማንም አልከለከለኝም። አርባቸው አለፈ። ሰማንያቸው አለፈ። ሙት ዓመታቸው ሲደርስ በምን ፊቴ አልኩ። አንተም ዝም አልክ፣ እኔም ዝም አልኩ። ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅር በለኝ።

ስልክህ ካልተቀየረ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እደውላለሁ። ከፈቀድክልኝ በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጄን ይዤ እመጣለሁ። መጀመሪያ እማማ ያረፉበት ቤተ ክርስቲያን አብረን እንሂድ፣ እዚያ ላልቅስ። ልጄ ደግሞ ላንተ የያዘችው ጥያቄ አለ። ግላይደር የሚበላ ቅርጽ እንዳለ ነግሬያት ስንት ሽምብራ እንደሚፈልግ ጠየቀችኝ። ሰባት እንደሆነ አውቃለሁ። አደራደሩ ግን ጠፋብኝ፤ ያን አጎትሽ ያሳይሻል ብያታለሁ።

ካርቶኑን ጠቅልላ አልጋዋ ሥር አስቀምጣዋለች። ሽምብራውን ከናንተ ቤት እንወስዳለን።

ወንድምህ