የጀርመን ስደተኞችና ሞክሼ ዘመዶቻቸው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ከጀርመን ወደ አሜሪካ ስለተሰደዱ ቅድመ አያቶች ፍለጋ ያወጣችሁት ጽሑፍ የሞክሼዎችን ጉዳይ ዘሎታል። ፈላጊው የሚሳሳተው ግን እዚያ ላይ ነው።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ወንድማማቾች ብዙ ጊዜ ዮሐን ጊዮርግ፣ ዮሐን ፔተር እየተባሉ በአንድ መነሻ ስም ይጠመቁ ነበር። ሁለተኛው እንደ እኛ የአባት ስም አይደለም፤ ልጁ በአብዛኛው የሚጠራው በእሱ ነው። ስለዚህ አሜሪካ ውስጥ «ጆርጅ» የተባለው ሰው በጥምቀት መዝገብ «ዮሐን» ከሚሉት መካከል ይፈለግ። ሕፃን ሲሞት ደግሞ ስሙ ብዙ ጊዜ ለተከታዩ ይሰጣል። የቀብር መዝገቡን ሳያገላብጡ ያገኙትን የመጀመሪያ ጥምቀት መያዝ ሙት ልጅን ውቅያኖስ ማሻገር ነው! «ታናሹ» የሚል ቅጽልም የግድ ልጅ ማለት አይደለም፤ አጎትና የወንድሙ ልጅም በዚሁ ይለያሉ።

ለእያንዳንዱ ሞክሼ የየራሱ ወረቀት ይዘጋጅለት፤ ሚስት፣ ሙያ፣ መንደር፣ በተለይም የልጆቹ የክርስትና አባቶች ይጻፉበት። የክርስትና አባት ብዙውን ጊዜ የቅርብ ዘመድ ነው።

ፍለጋው ከአሜሪካ ይጀመር። የ1900 እ.ኤ.አ. ሕዝብ ቆጠራ የመጡበትን ዓመት ይዟል፤ የትውልድ መንደሩ ግን ይበልጥ የሚገኘው በስደተኞቹ ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው። ከ1850 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. በሃምቡርግ ወደብ የተሳፈሩት የመጨረሻ መኖሪያቸው በተሳፋሪዎች መዝገብ ተጽፏል። የሌላው ወደብ፣ የብሬመኑ መዝገብ ግን አብዛኛው ጠፍቷል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ